የፀሐይ መለኪያው ቁልፍ

እህቴ በየማለዳው ትጠርጋት የነበረችው መስታወት የእንቁላል ግማሽ ታህላለች። ከአንድ የብረት ምሰሶ አናት ላይ ተደፍታ ቀኑን ሙሉ ወደ ሰማይ ታያለች። ከሥሯ አንዲት ትንሽ ሶላርና አንድ ነጭ ሳጥን አሉ፤ ዙሪያውን የሽቦ አጥር፣ በአጥሩ በር ላይ ጓጉንቸር። ምሰሶውን የተከሉት ሰዎች በሜዳው ላይ ትልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለመሥራት ያሰቡ ነበሩ። ከመሥራታቸው በፊት የቦታው ፀሐይ ምን ያህል እንደሚበረታ ዓመት ሙሉ መለካት አለበት አሉ። መስታወቷ ላይ አቧራ ካረፈ ልኬቱ ይበላሻል። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣ የሚጠርጋት ሰው ፈለጉ። ለምሰሶው ቅርብ የነበረው የእህቴ ቤት ነው።

አገሩ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ደጋን ከተማ ተወርዶ፣ ከዚያ በባጃጅ፣ መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ በእግር የሚደረስበት ቆላ ነው። እኔ የምኖረው ደሴ ነው፤ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ጉም ከቤት የማይወጣበት ሰፈር። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ግን ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዬ ጨርቅ መመርመር ነበር። ጨርቁ ከሥር መብራት በበራበት ጠረጴዛ ላይ ይፈስሳል፤ እኔ የተበጠሰ ክር፣ የሳተ ድር፣ የዘይት ጠብታ ስመለከት አስቆማለሁ። ጡረታ ስወጣ የተረፈኝ ዓይኔ ነው። እህቴ መስታወቷን የምትጠርግበትን ለስላሳ ነጭ ጨርቅም የላክሁላት እኔ ነኝ።

ቁልፉን ስትቀበል ነበርኩ። መሐንዲሱ ወጣት ነው፤ ፊቱ በቆላው ፀሐይ ተላልጦ ነበር። እህቴ ቁልፉን ከእጁ በባዶው ሜዳ አልቀበልም አለች፤ ምስክር ይምጣ አለች። የቅሬው ዳኛ ተጠራና መጣ።

ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ዕድር ግን ድንኳንና ወንበር ነው፤ ቅሬ ሕግ ነው። በዚያ ቀበሌ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚተዳደረው። ሰው ሲሞት እርሻ ያስቆማል፣ ያስቆፍራል፣ ያስቀብራል፤ የተጣላ ያስታርቃል፤ ያልታረቀውን ያስወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም። ላሙ ገደል ብትገባ የሚያወጣለት የለም። ሲሞት አይቀበርም።

ዳኛው የእህቴ ባል አብሮ አደግ ነው፤ ከብት አብረው አግደዋል፣ አብረው ተገርዘዋል። ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር የመጣው፤ ማመንጫው መብራት ያመጣል፣ ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ ተብሎ ነበርና። እህቴን፣ «በሁለት እጅሽ ተቀበይ። አደራ ነው» አላት። ከዚያ ወደ መሐንዲሱ ዞሮ፣ ከዚህች ሴት እጅ እቃ አይጠፋም፤ የጠፋባት ባሏ ብቻ ነው፣ እሱም ተፈልጎ አልጋ ላይ ተገኘ አለው። የእህቴ ባል እግሩ አብጦ ከተኛ ከርሟል። ከሁላችንም በላይ የሳቀው እሱ ነው፤ ሳቁ ከቤት ውስጥ ወጥቶ በሳል ተቋረጠ።

መጀመሪያ ሁሉም ደህና ነበር። እህቴ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ጓጉንቸሩን ትከፍታለች፣ በርጩማ ላይ ትቆማለች፣ መስታወቷን ጠርጋ ትዘጋለች። ጥቂት ደመወዝ ይሰጣት ነበር። ሴቶቹ ሲያልፉ፣ ዛሬስ ፀሐይዋ ፊቷን ታጠበች ወይ እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

ከዚያ ከወረዳ ሰዎች መጡና ስብሰባ ተጠራ። ሜዳው የማንም እንዳልሆነ፣ የመንግሥት እንደሆነ ተነገረ። የከብቶቹ ግጦሽ እንደሚታጠር ተነገረ። በሜዳው ዳር ያለው የመቃብር ቦታ ደግሞ እንደሚዛወር ተነገረ። ዳኛው ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «ሙታኖቻችን ዝውውር አልጠየቁም» አለ። ሰው ሳቀ። የወረዳው ሰዎችም አብረው ሳቁ፤ እዚያ ላይ ነው የተሳሳቱት።

በሳምንቱ ቅሬው ዱዓ አደረገ። የፀሐዩን ሰዎች ያበላ፣ ያጠጣ፣ እቃቸውን የያዘ፣ ሥራቸውን የሠራ ከእኛ ውጪ ይሁን ተባለ። ክርስቲያኖቹ በየመስቀላቸው ማሉ። ወንዶቹ አሚን ሲሉ ከኋላ የተቀመጡት ሴቶችም አሚን አሉ። እህቴም አሚን አለች። ዱዓ ላይ አሚን የማይባል የለም፤ አፍ በልማዱ ይላል። ወደ ቤቷ ስትመለስ ነው ያለችው የገባት።

በማግስቱ ማለዳ መስታወቷን ጠረገች።

አስጠሯት። ቅሬው ከሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር የሆነውን የነገረኝ ባሏ ነው፤ እሱ ደግሞ ከጎረቤት ሰምቶ ነው። ዳኛው ቁልፉን ወንዝ ጣዪው ብሏታል። እሷ፣ ከሰው እጅ የተቀበልኩትን ወደ ሰው እጅ ነው የምመልሰው፣ ወንዝ እጅ የለውም አለች። እንግዲያ ቁልፉን ያዥና መጥረጉን ተዪ አላት። አደራው ቁልፉ አይደለም፣ መስታወቷ ናት አለችው። አሚን ብለሻል አላት። ብያለሁ አለች። አደራም ተቀብያለሁ፣ አንተው ተቀበይ ብለኸኝ፤ የትኛው ይቅደም ብላ ጠየቀችው። ዳኛው ወደ ሼሁ ዞረ። ሼሁ ሽማግሌ ናቸው፤ ጠብ አይወዱም። አደራ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ ነፃ ትሆናለች አሉ። ዳኛው ይቺን ያዘ። «መልካም። በባለቤቱ እጅ እስክትመልስ ውጪ ናት» አለ።

እህቴ በዚህ ተስማማች። ፍርዱ ትክክል ነው ብላ ነው የመጣችው። መሐንዲሱ በየወሩ ይመጣል፤ ሲመጣ እመልስለታለሁ ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ አልመጣም።

ስሄድ ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ። ምንጩ ላይ ሴቶቹ እሷ ቀድታ እስክትሄድ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ስትሄድ አንዷ ታጎነብስና የላይኛውን ውሃ በቅል እየቀዳች ትደፋዋለች። ወፍጮ ቤቱ እህሏን አይቀበልም፤ ደጋን ድረስ ተሸክማ ትሄዳለች። ሰላምታ ግን ይመልሱላታል፤ አሰላሙ አለይኩም ስትል ወአለይኪ ሰላም ይላሉ፣ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው። ለአላህ ብለው ይመልሳሉ፣ ለቅሬ ብለው ይዞራሉ። ሁለቱንም የሚያደርጉት በእርጋታ ነው።

አንድ ቀን አንዷ አሮጊት፣ በጎረቤትነት ዘመናቸውን የጨረሱ፣ እህቴን መንገድ ላይ አገኟትና፣ አንቺ የመስታወት ሎሌ፣ ፀሐይዋን እየወለወልሽ ዝናባችንን አባረርሽው አሏት። ያን ዓመት ዝናብ ዘግይቶ ነበር። እህቴ ዝናብ በየዓመቱ ይዘገያል አለቻቸው። እሳቸውም፣ «አዎ፣ ግን ዘንድሮ የሚጠየቅ ሰው ተገኘ» አሏት።

ባሏ እየከፋ ሄደ። ደሴ ሆስፒታል አስተኛሁት። ሐኪሙ ወደ ቤቱ ይመለስ ያለው እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ነው፤ እሱ ግን ስመለስ ፊቴን አይቶ ጫማውን ጠየቀ። ያሰበው ስለ ሞት አልነበረም። በባጃጁ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተደግፎ፣ «ዋርሳዬ፣ እኔ መልአከ ሞትን አልፈራም፤ ጅብን ነው የምፈራው» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። በዚያ አገር አፈሩ ከክንድ በታች አለት ነው። መቃብር የሚቆፈረው በቅሬ ነው፤ ጎልማሶቹ እየተፈራረቁ በዶማና በዲጂኖ አለቱን ይሰብራሉ፣ ከደረት እስኪያልፍ። የሚቀብረው ያጣ ሰው ከላይ ከላዩ ይቀበራል። ጅቦቹ ደግሞ ያውቃሉ። እሱ በልጅነቱ አንድ እንዲህ የተቀበረ መንገደኛ አይቷል፤ በማግስቱ ያየውን ነገረኝ። እዚህ አልጽፈውም። «እህትሽ ልበ ደንዳና ናት እንጂ ክንደ ደንዳና አይደለችም፤ በማንኪያ ነው የምትቆፍርልኝ» አለ።

ቁልፉን ጣዪ ብሏት እንደሆነ ጠየቅሁት። አላልኳትም አለ። ለምን ስለው፣ ካልኳት ትጥላለቻ፣ ከዚያ ከማን ጋር ነው የምሞተው አለኝ።

ስለዚህ መሐንዲሱን ፍለጋ ሄድኩ። የሚፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ የእህቴ ባል ሳይሞት ቁልፉ ለባለቤቱ እንዲመለስ።

ቢሯቸው ኮምቦልቻ ነበር፣ አንድ ፎቅ ላይ። ስደርስ ቢሮው የሶፋ መሸጫ ሆኗል። ጥበቃው ያውቃቸዋል፤ ከሄዱ ቆይተዋል አለኝ። ስማቸው የተጻፈበትን ሰሌዳ ጠየቅሁት። ከደረጃው ሥር ወሰደኝ፤ ሰሌዳውን ገልብጦ ይተኛበታል። ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ የተቀበለኝ ሰው ጉዳዩ የክልል ነው አለኝ። የክልል ነው ያለው ዓይኔን ሳያይ ነው፤ ስልኩን እያየ ነው። ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላክሁ። በመጨረሻ የመሐንዲሱን ስልክ የሰጠኝ ያው ጥበቃ ነው።

ደወልኩ። አነሳ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አስታወሰኝ፤ ደስ አለው እንዲያውም። እህትዎ እንዴት ናቸው አለኝ። አሁንም ትጠርጋለች አልኩት። 

«እማማ፣ ያ ፕሮጀክት እኮ ቀርቷል» አለኝ። «ሌላ ቦታ ነው የተመረጠው። መሣሪያውም መረጃ መላክ ካቆመ ቆየ፤ የሚያነበው ሰው የለም።»

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅሁት። የነገረኝን ከራሴ ጋር አገናዘብኩ። እህቴ ከቅሬ የወጣችው ፕሮጀክቱ ከቀረ በኋላ ነው። እሱ መጥቶ ቁልፉን እንዲቀበላት ጠየቅሁት። እሱ ያለው ሶማሌ ክልል ነበር። ታዲያ ምን ታድርገው ስለው፣ በቀና ልብ ነው የመለሰልኝ፣ «ይጣሉት እማማ፣ ብረት ነው» አለ። ይህንኑ ለእህቴ ራስህ ንገራት ብዬ ለመንኩት፤ ነገ ከእሷ ጋር ሆነው ይደውሉ አለኝ። በማግስቱ ከእሷ ጋር ሆኜ ስደውል ስልኩ ዝግ ነበር። ከዚያም ዝግ ነው።

ለእህቴ የሰማሁትን ነገርኳት፤ የሚያነበው የለም የሚለውንም ጭምር። የጨርቅ ጉድለት ደብቄ አላውቅም። መሬቱን በጣቷ ስትጭር ቆየችና፣ አንቺ በጆሮሽ ሰምተሽ ከሆነ ሰምተሻል አለች። ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

ዓርብ ነበር። ወንዶቹ ከጁምዓ ወጥተው ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል፤ ክርስቲያኖቹም አሉ፣ ዓርብ የቅሬ ጉዳይ የሚታይበት ቀን ነውና። እህቴ ቁልፉን አንገቷ ላይ ካሠረችበት ክር ፈታ መዳፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ባለቤቱ ጣዪው ብሎኛል፣ እህቴ ምስክር ናት አለች። ባሌ እየሞተ ነው አላለችም። ሁሉም ያውቃል።

ዳኛው ቁልፉን አየና፣ «በእጁ ተቀበለሽ?» አላት።

«አልተቀበለኝም። በስልክ ነው።»

«ወንዝ ጣዪው ስንልሽ ወንዝ እጅ የለውም ብለሽናል። ስልክስ እጅ አለው?»

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ዳኛው አልሳቀም። አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ እንደ ሚዛን ሰው ነበር የሚናገረው። ከሰው እጅ የተቀበልኩትን ወደ ሰው እጅ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ፍርዱ የቆመው በቃልሽ ላይ ነው፣ አደራው አልተመለሰም አለ። ሼሁ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መቁጠሪያቸውን ተመለከቱ።

እኔ በሰው ፊት መናገር አልወድም። ያን ቀን ግን ተናገርኩ። «ስትቀበል ምስክሩ አንተ ነበርክ፤ አንተ ተቀበላት» አልኩት።

«ምስክር ያያል እንጂ አይቀበልም፣ እትዬ» አለኝ በትሕትና። «እርስዎ ፋብሪካ ሳሉ የጨርቅ ጉድለት ያገኙ ነበር አሉ። ይህንንም ይመርምሩት። የራሷን ቃል ነው የመለስንላት፤ ጉድለት አለው?»

መረመርኩት። ጉድለት አልነበረውም።

እህቴ ክሩን መልሳ አንገቷ ላይ አሠረች። በማግስቱ ማለዳ በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ወዴት ነው አልኳት። አልተመለሰም ከተባለ አልተመለሰም አለችና ጨርቋን ይዛ ወጣች።

ባሏ ነቅቶ ነበር። ወጣች ወይ አለኝ። ወጣች አልኩት። «ትጥረግ» አለ። ውሃ ፈለገ። ኩባያውን ወደ አፉ ሳስጠጋ ውሃው ከከንፈሩ ተመልሶ በአገጩ ወረደ። የምስክርነቱን ቃል፣ ሸሃዳውን፣ እኔ አልኩለት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቅሶ እንደሆነ አላውቅም። በመስኮቱ በኩል እህቴ በርጩማው ላይ ቆማ ትታየኝ ነበር። ጠርጋ እስክትጨርስ አልጠራኋትም። እሱ አልፎ ነበርና መጥራቱ ምንም አይለውጥም።

የቅሬው ጠሪ ከጉብታው ላይ ወጥቶ አልተጣራም። ነገር ግን ሁሉም ሰምተዋል። የቅሬ ሕግ ደግሞ በሞት ቀን እርሻ አይታረስም ይላል፤ የሞተው የማንም ይሁን የማን። ስለዚህ በሬዎቻቸውን ፈትተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዶማና አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ወጡና ከመቃብሩ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ተቀመጡ።

እኔ ኮምቦልቻ ደውዬ ነበር፤ ድሮ ፋብሪካ አብራኝ የሠራች ሴት ባጃጅ ያለው ልጅ አላት። አደባባዩ ላይ የቀን ሥራ ከሚጠብቁት ጎልማሶችን ለቅሞ አመጣልኝ። ለግንባታ ሥራ መስሏቸው ነበር የመጡት። ሬሳ እንደሆነ ሲያውቁ አንዱ ሊመለስ ፈለገ፤ ሌላው የቀን ክፍያ ክፍያ ነው ብሎ ያዘው። መቆፈር ጀመሩ። ከክንድ በታች እንደተባለው አለቱን አገኙት። ትንሽ እንደቆፈሩ የአንዱ ዶማ እጀታ ተሰበረ። ላቡን እየጠረገ ወደ ማዶ አየና፣ «እማማ፣ እነዚያ ሰዎች ዶማ ይዘው ምን ይሠራሉ?» አለኝ።

«ያያሉ» አልኩት።

የቅሬውን ቃሬዛ አልሰጡንም። ሬሳውን በምን እንደምንሸከም ስንጨነቅ፣ ከባጃጁ ልጅ ጋር ሆነን የአጥሩን ቋሚዎች ነቅለን ቃሬዛ እናድርጋቸው ብዬ አሰብኩ፤ ባለቤቱ ጣሉት ያለው እቃ ነው። እህቴ ነጭ ጨርቁን እጇ ላይ እንደጠቀለለች ነበር፣ ማለዳ እንደያዘችው። የሰው ነው አለች። በአልጋው ተሸከምነው። አልጋው ለመንገዱ ሰፊ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራተተና አንዱ እግሩ ተሰበረ። ከጉብታው ላይ ማንም አልተነሣም።

ሼሁ ብቻ መጡ። ከማዶ ተነሥተው፣ ሜዳውን በከዘራ አቋርጠው መጡ፤ ዳኛው ሲያልፉ አላስቆማቸውም። አጥበው ከፈኑት፣ ሰገዱበት። ከኋላቸው የቆሙት የባጃጁ ልጅና አንዱ የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ ሌሎቹ ክርስቲያኖች ስለሆኑ ባርኔጣቸውን አውልቀው ራቅ ብለው ቆሙ። ሼሁ ሲጨርሱ ከድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

እህቴ ጉድጓዱ ውስጥ ራሷ ገብታ ለካችው። ወገቧ ላይ ነበር። አይበቃም አለች። ሠራተኞቹ አጉረመረሙ፤ ከደጋን የሚነሣው ሚኒባስ ያመልጠናል አሉ። ዝም ብላ ውስጡ ቆመች፤ እሷ ካልወጣች መቅበር አይቻልም። ቆፈሩ። ደረቷ ላይ ሲደርስ ወጣች። ቀበሩት። ድንጋይ ከመሩበት።

እቃቸውን ሲሰበስቡ እህቴ አንድ ሥራ ይቀራል አለቻቸው። ከአዲሱ መቃብር አጠገብ በእግሯ መሬቱን ለካች፣ በተረከዟ መስመር አሰመረች። እዚህ ጋ፣ በዚያው ልክ አለች። ሠራተኞቹ ወደ እኔ አዩ። ሌላም የሞተ አለ እንዴ አለ አንዱ። ሼሁ ከድንጋዩ ተነሥተው፣ ይህ ለማን ነው አሏት።

«ለእኔ ነው» አለች። «ዶማ ያለው ሰው ዛሬ አግኝቻለሁ፤ ያን ጊዜ ላላገኝ እችላለሁ።»

ሼሁ አስተግፊሩላህ አሉ። ይህ ነገር የተጠላ ነው አሏት። ሐራም ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። ሐራም አይደለም፣ የተጠላ ነው አሉ። እንግዲያ ይቆፈር አለች። ከጉብታው ላይ ያሉት ለምን ሁለተኛ እንደሚቆፈር አልገባቸውም ነበር። ሲገባቸው አንድ በአንድ እየተነሡ ቆሙ። ዶማው አለቱን በመታ ቁጥር ድምፁ ወደ እነሱ ይሄድና ይመለስ ነበር። ከዚያ ወደየቤታቸው ሄዱ። ዳኛው የሄደው መጨረሻ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን የቅሬው ሽማግሌዎች መጡ። በሐዘን ቤት እንደሚደረገው ንፍሮና ዳቦ አስይዘው ነበር። ዳኛው ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ሟቹን አላህ ይርሐመው አለ። አለቀሰም፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ አብሮ አደጉ ነው። ዓይኑን በጋቢው ጠርጎ ሲያበቃ፣ ቅጣቱ በቅቷል፣ ቅሬው እህቴን መልሷታል አለ። ቁልፉንም አምጪ አላት።

«ምስክር ነኝ። ለምስክር መመለስም መመለስ ነው፤ ሼሁም ያውቃሉ» አለ። መዳፉን ዘረጋ።

እህቴ መዳፉን አየችው። ክሩን ከአንገቷ አወጣችና ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ደሴ ይዘሽው ሂጂ፣ መሐንዲሱ ቢደውልልሽ ትመልሺለታለሽ አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ቅሬ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የእኔ ተቆፍሯል።»

ዳኛው መዳፉን ሰበሰበ። «ጉድጓድ ራሱን አይሞላም። አፈሩን ማን ይመልስብሻል?» አላት።

«ጅብ ይቀድማችኋላ። እናንተም ተቀምጣችሁ ታያላችሁ፤ ማየት ታውቃላችሁ» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ዳቦውን ግን ቆርሳ ለሁሉም አደለች፤ የሐዘን ቤት ምግብ አይመለስም። በሉና ሄዱ።

ማመንጫው አልተሠራም። ሜዳው እንደበፊቱ የከብት ነው፤ መቃብሩም አልተዛወረም። ቅሬው አሸነፍን ይላል፤ በሠርግም በለቅሶም ይወራል፣ ሙታኖቻችን ዝውውር አልጠየቁም የሚለው የዳኛው ንግግር ደሴ ገበያ ድረስ ደርሶ ሰምቼዋለሁ። ምሰሶው ቆሟል። በሩ የተቆለፈ ስለሆነ መስታወቷን የሚነካት የለም፤ አቧራ ለብሳ ጠጠር መስላለች። ቁልፉ እኔ ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነው። መሐንዲሱ አልደወለም።

እህቴ ደሴ መጥታ ከእኔ ጋር እንድትኖር ጠይቄያት ነበር። ብርዱ አይስማማኝም አለች። ሴቶቹ አሁን ምንጩ ላይ ሊያናግሯት ይሞክራሉ፤ እሷ ቀድታ ትሄዳለች።

ባለፈው ክረምት መጨረሻ ስሄድ ቤቷ ዝግ ነበር። የት እንዳለች ስለማውቅ ወደ ሜዳው ወረድኩ። የሸፈነችበትን እሾህ አንሥታ ጉድጓዷ ውስጥ ገብታለች፤ ጎርፍ ያስገባውን ደለል በቁና እያወጣች ትደፋለች። ከላይ ጭንቅላቷና ትከሻዋ ብቻ ይታየኝ ነበር። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ታስተካክላለች። የነጩ ጨርቅ ቁራጭ ግንባሯ ላይ ታሥሯል፣ ላቧን እንዲይዝላት።

እጄን ሰጠኋትና ወጣች። ዳር ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እትዬ፣ አንቺ ዓይን አለሽ። ጠበበ እንዴ?» አለችኝ።

ዙሪያውን ሄጄ አየሁት። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ ወለሉም እኩል ነው። አልጠበበም አልኳት።

እሾሁን አብረን መለስንበት።